የአባቷ አፍ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ

በዚያ እሁድ ጠዋት ሶፋ ሰፊዋ አባቷን ከታክሲ ስታወርድ ፈገግታዋን መሰብሰብ አቅቷት ነበር። አባቷ ወድቀው እግራቸው ከተሰበረ፣ ሕመሙም ጥርሳቸውን አንድ በአንድ ከለቀመው ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ከቤት አልወጡም። ሃያ ሁለት ዓመት የዚህችን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን የመሩ ሰው ናቸው፤ ስማቸውን የሚጠራ የለም፣ ሁሉም "መሪያችን" ነው የሚላቸው። ጥርሳቸው ሲያልቅ ግን ቃላቱ በድዳቸው መካከል እያፏጩ ያመልጧቸው ጀመር። መዝሙሩንም ሰውንም በአንድ ቀን እርግፍ አድርገው ተዉት።

ዛሬ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል። አፋቸው ውስጥም አዲስ ጥርስ አለ፤ ከላይም ከታችም፣ ልክክ ያለ። ሳምንቱን ሙሉ በራቸውን ዘግተው ሲለማመዱ ከርመው ቁርስ ላይ ለልጃቸው ምስጢሩን አወጡላት።

"ዛሬ ከመዘምራኑ ኋላ ቆሜ አንድ መዝሙር እዘምራለሁ። ለማንም እንዳትነግሪ" አሏት።

ለማንም አልነገረችም። ጥርሱን ለሠራላቸው ሰው እንኳን አልነገረችም፤ ለእሱ ደግሞ የማትነግረው ነገር አልነበራትም።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚገባው በአዳራሹ በኩል ነው። አባቷ ክራንቻቸውን ቀድመው እያስገቡ፣ እሷ ክንዳቸውን ደገፍ አድርጋ ገቡ። ከዚያ ግድግዳው ላይ አባቷን አየቻቸው።

ሁለት ሜትር የሚሆን ባነር ነው። በቀኝ በኩል አባቷ በአዲሱ ጥርስ ፈገግ ብለዋል። በግራ በኩል አፋቸውን በልቅጠዋል፤ ባዶ ድድ፣ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ አገጫቸው ላይ የወረደ ምራቅ። ከላዩ በትልቁ "ከጨለማ ወደ ብርሃን" ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ "የጎብኚ ቡድናችን የፍቅር ሥራ"። አባቷ ጸጉራቸው በወጉ ሳይበጠር ደጅ የማይወጡ ሰው ናቸው። ያ አፍ በሕይወታቸው ከልጃቸውና ከጥርስ ሠሪው በቀር ሰው ያላየው አፍ ነው።

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ዞር ሲል አወቃቸው። አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ አንዱ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና መልካም የሠራ መስሎት፣ አጨበጨበ። ሌሎቹም ተከተሉት። አባቷ በገዛ ድዳቸው ሥር ቆመው ተጨበጨበላቸው።

ጥርስ ሠሪው ከባነሩ ጎን ሁለት ወንበር ይዞ ቆሟል። ዓይኗ ዓይኑን አገኘው። ሦስት እርምጃ ቢራመድ ይደርስባቸዋል። እሱ ግን ዓይኑን ሰብሮ ወለሉን አየ።

"ወደ ቤት" አሉ አባቷ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ታክሲው ውስጥ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ጥርሳቸውን አወለቁ፤ በመሐረብ ጠቅልለው "ያዢልኝ" ብለው ጭኗ ላይ አኖሩት። መሐረቡ ገና ይሞቅ ነበር። ሶፋ ሰፊዋ ማልቀስ ፈለገች፤ እንባው እምቢ አለ። ደሟ ፈልቶ ለእንባ ቦታ አልተረፈም ነበር።

*

ሰኞ ጠዋት የሰው ሳሎን ያደመቀ አንድ ትልቅ ሶፋ እጇ ላይ ወደቀ። የድሮውን ጨርቅ ከእንጨቱ ላይ በጉጠት እየነቀለች፣ ስፖንጁን እየገነጠለች፣ አቧራውን አጤሰችው። የሥራ ቤቱ ጌታ ሁልጊዜ ትንንሽ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ስለሚሠራ አፈ ሚስማር ይሉታል። ሚስማሮቹን ወደ አንድ ጉንጩ ገፋ አድርጎ፣

"ምን በደለሽ ይሄ ሶፋ? የሰው ንብረት ነው፤ ቀስ ብለሽ ንቀይው" አላት።

እጇ ይነቅላል፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው።

ጥርስ ሠሪው የሊቀመንበሯ ልጅ ነው። እናቱ ሕመምተኞችን የሚጠይቀው የጎብኚ ቡድን ሊቀመንበር ናቸው፤ ትልቅ ግቢ፣ ትልቅ ስም፣ ትልቅ ቅርጫት ያላቸው ሴት። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ቅርጫታቸውን አስይዘው ደረጃውን ወጥተው፣ ቆመው ጸልየው፣ ቆመው ይሄዳሉ። አንድ ቅዳሜ ልጃቸው አብሯቸው መጣ። አባቷ የላመ ምግብ በማንኪያ ሲውጡ አየ። በሳምንቱ ሰምና ጀሶ ይዞ ብቻውን ተመለሰና ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ የድዳቸውን ልክ ወሰደ። ፎቶም አነሳ። "ለሥራዬ ነው ጋሼ፣ ቅርጹን እንዳልረሳው" አላቸው። አባቷም አመኑትና አፋቸውን ከፈቱ፤ ጥርሱ ሲያልቅም ፈገግ ብለው ተነሱለት።

ጥርሱ እስኪስተካከል ሦስት ወር ከቤታቸው ወደ ሥራ ክፍሉ በትንሽ ሣጥን ተመላለሰ። በሣጥኑ ውስጥ ጥርስ ሠሪው ወረቀት ይጨምርበታል። መጀመሪያ "በግራ በኩል ከጎረበጣቸው ምልክት አድርጊልኝ" አለ። እሷም "ግራው ደህና ነው፣ ቀኙ ቆንጥጧቸዋል" ብላ መለሰች። በሦስተኛው "አንቺስ ደህና ነሽ?" አለ። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ከጥርሱ በላይ ቦታ ያዘ፤ በመጨረሻው ወር ጥርሱ ምንም ሳይጎረብጥ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። የቀረውን አንባቢ አያጣውም። አንድ ነገር ብቻ ልቧን ይበላት ነበር። "ይህን ሳምንት ስለ አንቺ ለእናቴ እነግራታለሁ" ካላት አምስት ሳምንት ሆኖታል።

ለምሳ ሲወጡ ምሳዋን ትታ ወደ ሥራ ክፍሉ ሄደች። መደርደሪያው ላይ የጀሶ መንጋጋዎች በቁጥር ተደርድረዋል። እሱ ነጭ ጋውኑን ለብሶ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል፤ ጸጉሩ ላይ ሳይቀር ጀሶ አለ።

"ስጠብቅሽ ነበር" አለ።

"እኔም ትናንት ስጠብቅህ ነበር። ሦስት እርምጃ ነበር በመካከላችን።"

"ፎቶውን እኔ አልሰጠሁም። እናቴ ነች ከኮምፒውተሬ ላይ የወሰደችው።"

"መቼ አየኸው?"

አንዱን የጀሶ መንጋጋ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ።

"መቼ ነው ያየኸው አልኩህ እኮ።"

"ሐሙስ። ሲሰቀል እዚያው ነበርኩ።" ጣቱ ላይ የደረቀውን ጀሶ ይፍቅ ጀመር። "መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ።"

ይህን አልጠበቀችም። ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ መሰላል ግን በሐሳቧም አልነበረም።

"እማዬ ይሄ ጥሩ አይደለም ብያት ነበር" አለ ቶሎ ቶሎ እየተናገረ። "ሰው አይቶ ነው የሚለግሰው፣ አንተ ምን ታውቃለህ አለችኝ። ምን ላድርግ? እናቴ ናት።"

"ያኛውም አባቴ ነው። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ መስመር ልትጽፍልኝ አልቻልክም? ስለ ቀኝ መንጋጋ ሁለት ገጽ ትጽፍልኝ የለ?"

"ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም። ከቤት አይወጡም ብዬ..."

"ካልመጣ ይሰቀል? እሱ ካላየው ሰው ሁሉ ቢያየው ምንም አይደለም?" ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። "ለምን እንደመጣ ታውቃለህ? ሊዘምር ነበር። በአንተ ጥርስ ሊዘምር ነበር የመጣው።"

ጥርስ ሠሪው ወንበሩን ሳያይ ተቀመጠ። ፊቱ ከጀሶው ነጣ። እሷ መሐረቡን ከቦርሳዋ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

"ውሰደው።"

"የእሳቸው ነው እኮ።"

"የባነርህ ነው" ብላ ወጣች።

መንገዱን እስክታጋምስ ኋላዋን ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየች። አልተከተላትም። አለመከተሉ ከመሰላሉ እኩል አናደዳት፤ ይከተለኛል ብላ ዞር ማለቷ ደግሞ ከሁሉም በላይ።

*

አባቷ አራት ቀን አልተናገሩም። ሾርባውን ይጠጣሉ፣ ሳህኑን ይመልሳሉ፣ ግድግዳውን ያያሉ። ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ በበሩ ሥር ደብዳቤ ገብቶ አገኘች። ልትቀደው ነበር፤ እጇ ከፈተው።

"ይቅርታ ለመጠየቅ ጀምሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ" ይላል። "ሦስቱም ላይ እናቴን ከስሼ ራሴን አድኜ ነበር። እውነቱ ይህ ነው። ባነሩን ሳየው መጀመሪያ የታየኝ የእጄ ሥራ ነው፤ ጥርሱ እንዴት ያምራል አልኩ። በግራ በኩል ያለውን ያየሁት ቆይቼ ነው። አፈርኩ፤ አፍሬም መሰላል ያዝኩ። ስለ አንቺ ለእናቴ ያልነገርኳትም ሳይመቸኝ ቀርቶ አይደለም። ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ጥርሱ እኔ ጋ ነው፤ አጥቤ አስቀምጬዋለሁ።"

ውሸት ቢሆን በቀለላት። ሰበብ ቢደረድር ኖሮ ቀዳድዳ ትጥለው ነበር። እውነት መናገሩ ቆሽቷን አሳረራት፤ እንዲህ መናገር የሚችል ሰው አዳራሹ ውስጥ ምላሱን ምን በላው?

"ምን ይላል?" አሉ አባቷ ከአልጋቸው። ቃሉ እያፏጨ ነው የወጣው።

አነበበችላቸው።

"ጥርሴ እሱ ጋ ነው?"

"መለስኩለት አባዬ። ጠረጴዛው ላይ ነው የወረወርኩለት።"

"ማንን ጠይቀሽ?"

ኩራት ይሰማቸዋል ብላ ነበር። ዓይናቸው ግን ደም መስሏል።

"ያዢልኝ አልኩሽ እንጂ መልሺልኝ አልኩሽ? እነሱ ሳይጠይቁኝ አፌን ሰቀሉት። አንቺ ደግሞ ሳትጠይቂኝ አፌን መለስሽው። አፉ የማን ነው?"

ሶፋ ሰፊዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አራት ቀን ሙሉ ንዴቱ የእሳቸው ይሁን የእሷ አልለየችም ነበር።

አባቷ ረገብ አሉ።

"እኔስ ብሆን" አሉ። "መዘምራን ይዤ ሆስፒታል እገባ አልነበር? አልጋውን ከብበን እንዘምር ነበር። ልዘምርልህ ወይ ብዬ አንድም በሽተኛ ጠይቄ አላውቅም። አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ታዲያ እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ድምፄን ጨመርኩ።" ባዶ አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። "ጌታ ደንቆሮውን ሰውዬ ከሕዝቡ ለይቶ፣ ለብቻው ወስዶ ነው የዳሰሰው። ደግሞ ለማንም አትናገሩ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ስዘምርለት ይቺን አላስተዋልኳትም። ግድግዳ ላይ ስወጣ ገባችኝ።"

"ታዲያ ይቅር አልካቸው?"

"ማን አለሽ? ተናድጃለሁ እንጂ። ግን እያፏጨ የሚወጣ ቁጣ ማን ይሰማዋል? ቅዳሜ ጥርሴን ይዞ ይምጣ በይው።"

በዚያው ደብዳቤ ጀርባ "ቅዳሜ ጥርሱን ይዘህ ና። ያዘዘው አባቴ ነው" ብላ ጻፈች። እኔም ብላ ልትጨምር ዳር ዳር ብላ ተወችው። ስታጥፈው ወረቀቱ ላይ የጀሶ አሻራ አየች፤ ጣቷን አሳረፈችበት፣ አሳረፍኩ ብላም በጣቷ ተናደደች።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሯ ቅርጫታቸውን ይዘው ገቡ። ሁለት የቡድኑ ሴቶች ተከተሏቸው። ጥርስ ሠሪው ሣጥኑን በሁለት እጁ ይዞ መጨረሻ ገባ፤ ሳምንቱን እንዳልተኛ ያስታውቃል።

"መሪያችን፣ እሁድ ሳንጨብጥዎት አመለጡን" አሉ ሊቀመንበሯ ፊታቸው እንደበራ። "እርስዎን አይተው አሥራ አንድ ሰዎች ለጥርስ ተመዘገቡ። ይገርምዎታል፣ አሥራ አንድ።"

አባቷ መልስ ሳይሰጡ እጃቸውን ወደ ሣጥኑ ዘረጉ። ጥርሱን አወጡ። ሶፋ ሰፊዋ ልታግዛቸው ተነሥታ ነበር፤ መንገድ ላይ ቆመች።

"ላግዝህ?"

በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው ሁሉ የሚያይበትን አጣ። የላዩን ገጠሙ፣ የታቹን ገጠሙ፣ መንጋጋቸውን ሁለት ጊዜ አንቀሳቀሱ።

"ይቀመጡ" አሉ። ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

"እኔ ቆሜ ይሻለኛል፣ ገና የምንሄድበት ቤት..."

"ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ተቀምጠው አያውቁም። ዛሬ ይቀመጡልኝ፤ የምናገረው ረጅም ነው።"

ሊቀመንበሯ አልተቀመጡም። ቅርጫታቸውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"እሁድ ልዘምር ነበር የመጣሁት" አሉ አባቷ። "እናንተ ግን አፌን ቀድማችሁ ሰቅላችሁታል። ለልጅዎ የከፈትኩት አፍ ነው። ሐኪም ፊት የሚከፈት አፍ ነው። እትዬ፣ ማንን ጠይቀው ነው?"

"ሰው አይቶ ተስፋ እንዲያገኝ ብዬ ነው" አሉ ሊቀመንበሯ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። "ለራሴ ፈልጌው ነው? ይሄን ሁሉ ደረጃ በዚህ ጉልበቴ የምወጣው ለታይታ ነው?"

"አይደለም። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ በአንድ ስድብ ይወጣልኝ ነበር። ተስፋ ሰጥተውኝ ሲያበቁ መልሰው ከኔ ቀሙና ለሌላ ሰው ሰጡት። ደግሞ ያ አሥራ አንድ ሰው፣ ጥርሱ የግድ ሆኖበት ነው የተመዘገበው። እሰቀል ይሆን ብሎ እየፈራ ተመዝግቦ እንደሆነ ጠይቀውታል?"

አባቷ ወደ ጥርስ ሠሪው ዞሩ። ሶፋ ሰፊዋ የሚሉት ነገር የእሷንም ነገር እንደሚቆርጠው ታውቃለች።

"ስለ ጥርሱ እግዚአብሔር ይስጥህ" አሉት። "ተንበርክከህ ነው የሠራህልኝ፤ አልረሳውም። ግን ስማኝ። እኔ በዚያ ፎቶ ላይ አንድም ጥርስ የለኝም። አንተ ሠላሳ ሁለት ጥርስ ይዘህ ነው ዝም ያልከው።"

የጥርስ ሠሪው ጆሮ ቀላ። እናቱ ፈጠን ብለው፣

"አንተ ዝም በል፣ እኔ እጨርሰዋለሁ" አሉት።

"ዝም ብዬ ነው እዚህ ያደረስኩት እማዬ" አለ። እየፈራ ነው የተናገረው፤ እየፈራም ቀጠለ። "ከዚህ ወጥቼ ባነሩን አወርደዋለሁ። መሰላሉን የሚይዝልኝ ባይኖርም አወርደዋለሁ። ጋሼ፣ በደልኩዎት። ሌላም የደበቅኩት አለ።" ወደ ሶፋ ሰፊዋ አላየም፤ ዓይኑ እናቱ ላይ ነው። "እሷን እወዳታለሁ እማዬ። ከፈቀደችኝ ላገባት እፈልጋለሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ ልነግርሽ ስነሣ ስቀመጥ ነበር።"

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ሊቀመንበሯ ልጃቸውን አዩ፣ ክፍሉን አዩ፣ ጠባቡን አልጋና የተደረደረውን የመድኃኒት ጠርሙስ አዩ።

"ከምንጎበኘው ቤት?" አሉ። ከአፋቸው አምልጧቸው ነው፤ ያመለጠ ቃል ደግሞ አይያዝም።

ሶፋ ሰፊዋ ወደ ሊቀመንበሯ ዞረች።

"እትዬ፣ ይሄ ቤት የምትጎበኙት ቤት ከመባሉ በፊት ለግማሹ ምእመን መዝሙር ያስተማረ ቤት ነው" አለች። "ቅርጫትዎን በደስታ ተቀብለናል። በልተናል፣ አመስግነናል። ግን ቅርጫት የተቀበለ ሰው ጎንበስ ብሎ ይኑር የሚል ነገር የትኛውም ስብከት ላይ ሰምቼ አላውቅም። እኔ የልጅዎን ባለጠግነት አልፈለግኩም። ዓይኑን እንዳይሰብርብኝ ነው የፈለግኩት።"

ሊቀመንበሯ ወንበሩን በእጃቸው ፈለጉና ተቀመጡ። ቅርጫቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መያዣውን ጨበጡ፤ እንዲህ ተቀምጠው ያረጁ ሴት መሰሉ።

"መጠየቅ ነበረብኝ" አሉ።

"አዎ" አሉ አባቷ።

ምንም አይደለም ይባል የነበረበት ቦታ ነው። አላሉም። "ዛሬ ይቅር ያልኩ አይምሰላችሁ፤ እየጸለይኩበት ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል" ብቻ አሉ። ከዚያ ልጃቸውን ለእንግዶቹ ውኃ እንድትቀዳ ላኳት። ሊቀመንበሯ በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ብርጭቆ ተቀብለው እስከ መጨረሻው ጠጡ።

ሲሄዱ ሴቶቹ ቀድመው ወረዱ። ጥርስ ሠሪው ደረጃው አናት ላይ ቀረ። ሣጥኑን ስላስረከበ እጁን የሚያደርግበት አጥቷል።

"ይቅር ትይኛለሽ?"

"ዛሬ አይደለም።"

"እሺ።" አንድ ደረጃ ወረደና ቆመ። "ሳምንት ቅዳሜ ልምጣ?"

"ቅዳሜ አትምጣ። ቅዳሜ የጉብኝት ቀን ነው።" በሩን በአንድ እጇ እንደያዘች ነው። "ማክሰኞ ና፣ ከሥራ ስመለስ። ምንም ነገር ይዘህ እንዳትመጣ፣ ባዶ እጅህን ና።"

"ማክሰኞም ተናደሽ ብትጠብቂኝስ?"

"ተናድጄ ነው የምጠብቅህ" አለችው። "የተናደድኩበትን ሰው ሁሉ ግን ና አልለውም።"

በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት። ንዴቷ ገና አልበረደም ነበር፤ ልቧ ግን እንደ ሞኝ ይመታ ነበር።